«ይሄ ስጋት 3 ነው 4?»፦ በፕሮጀክት ሶፍትዌር ውስጥ ለስጋት ነጥብ አሰጣጥ ደረጃ በደረጃ

ፕሮጀክት የያዙ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። ሶፍትዌሩ ተከፍቷል፣ የስጋቱ ስም ተጽፏል፣ ከጎኑ «የመከሰት ዕድል» እና «ጉዳት» የሚሉ ሁለት ባዶ ሳጥኖች ከ1 እስከ 5 ያለ ቁጥር ይጠብቃሉ። «3 ልበለው 4?» ይሉኛል። አንዱን መርጬ ብነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ነገር ግን ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አስቀድሞ ካልተጻፈ የእኔ 4 እና የእናንተ 4 አይገናኙም። ሶፍትዌሩ ደግሞ ይህን አይለይም። የሰጣችሁትን ሁለት ቁጥር ያባዛል፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ይቀባል፣ በቃ። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያለው ሳጥኑ ከመሞላቱ በፊት ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ፦ የገጠር የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ ከውጭ የሚገባ ሰብመርሲብል (ውሃው ውስጥ ገብቶ የሚሠራ) ፓምፕና የሶላር ፓነል ይገጠማል፣ ማጠራቀሚያና ቦኖዎች ይሠራሉ። በጀቱ 12 ሚሊዮን ብር፣ ጊዜው 10 ወር ነው እንበል። በጀቱንና ጊዜውን ለማሳያ የያዝኳቸው ናቸው፤ እናንተ የራሳችሁን ታስገባላችሁ። የሕንፃ፣ የሶፍትዌር ወይም የሥልጠና ፕሮጀክት ቢሆንም አካሄዱ አይለወጥም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የጸደቀው በጀትና የጊዜ ሰሌዳ። ያለ እነዚህ «ከባድ ጉዳት» የሚለው ቃል መለኪያ የለውም።
- ከዚህ በፊት የተሠሩ ተመሳሳይ ሥራዎች ሪፖርት፣ ቢያንስ አምስት ስድስት። የራሳችሁ ከሌለ የጎረቤት ወረዳ ወይም የተቋራጩ።
- ከ4 እስከ 7 ሰው። ከነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ሳይት ላይ የሚውሉ ይሁኑ፤ ቢሮ ብቻ የተቀመጠ ቡድን የመንገዱን ጭቃ አያውቅም።
- ሶፍትዌሩ፦ ኤክሴል፣ ጉግል ሺትስ፣ ጂራ፣ ሬድማይን ወይም ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት። ማንኛውም ይበቃል።
- ትናንሽ ወረቀቶችና እስክሪብቶ። ለምን እንደሆነ ደረጃ 5 ላይ ታያላችሁ።
- ሁለት ሰዓት ያህል ያልተቆራረጠ ጊዜ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰብሰብ ብላችሁ ከመጀመራችሁ በፊት የኃላፊውን ፈቃድ አግኙ፣ ከፍተኛ ነጥብ መስጠት ማንንም እንደማያስወቅስም ከራሱ አንደበት እንዲነገር አድርጉ። ቀይ ቀለም እንደ ስንፍና በሚቆጠርበት መሥሪያ ቤት ሁሉም ሰው ቢጫ ይመርጣል፣ ያኔ የቀረው ደረጃ ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ደረጃ 1፦ ስጋቱን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

«ፓምፕ» ስጋት አይደለም። «የውጭ ምንዛሪ» ስጋት አይደለም። «ዝናብ»ም እንዲሁ። እነዚህ ርዕሶች ናቸው፣ ለርዕስ ደግሞ ነጥብ አይሰጥም።

ሦስት ነገር ያለው ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ መነሻው፣ የሚሆነው ነገር፣ ከሆነ በኋላ የሚመጣው መዘዝ። እንዲህ፦

«ጉድጓዱ የሚቆፈረው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ የውሃው ፍሎራይድ ከሚፈቀደው በላይ ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ጉድጓዱ ለመጠጥ አይውልም፣ ሌላ ቦታ እንደገና መቆፈር ይመጣል።»

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ሁለቱ ቁጥሮች የሚለኩት ሁለት የተለያየ ነገር ስለሆነ ነው። የመከሰት ዕድል የሚለካው መሃል ያለውን («ፍሎራይዱ ከፍ ይላል»)፣ ጉዳት የሚለካው መጨረሻ ያለውን («ሌላ ጉድጓድ መቆፈር»)። ዓረፍተ ነገሩ ከሌለ አንዱ ሰው ስለ አንዱ፣ ሌላው ስለ ሌላው ነጥብ ይሰጣል፣ ሁለቱም ልክ ነኝ ይላል።

አስቀድሞ የሆነ ነገር ደግሞ ስጋት መባሉ ይቀራል። ፓምፑ ወደብ ላይ ተይዞ ከሆነ እሱ ችግር ነው፤ በችግሮች ዝርዝር ውስጥ ይግባና መፍትሔ ይፈለግለት። በስጋት መዝገብ ውስጥ 5 ተሰጥቶት የሚቀመጥ «ስጋት» ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ አስቀድሞ የሆነ ችግር ነው።

ደረጃ 2፦ የዕድል መለኪያውን በቃልና በቁጥር ጻፉ

እኔ የምጠቀምበት ይህ ነው፦

1፦ ከ10 በመቶ በታች። በተመሳሳይ ሥራዎች ላይ አላየነውም፣ ግን የማይሆን አይደለም።
2፦ ከ10 እስከ 30 በመቶ። ከ10 ሥራ በሁለቱ ገደማ ገጥሞናል።
3፦ ከ30 እስከ 50 በመቶ። ከ10 በአራቱ ገደማ።
4፦ ከ50 እስከ 70 በመቶ። ከ10 በስድስቱ ገደማ።
5፦ ከ70 በመቶ በላይ። ባይሆን ነው የሚገርመን።

ድንበር ላይ የወደቀ ቁጥር ወደ ላይኛው ይሂድ ብላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ አለበለዚያ በ30 በመቶ ላይ ግማሽ ሰዓት ትከራከራላችሁ።

«አልፎ አልፎ»፣ «ብዙ ጊዜ»፣ «ምናልባት» የሚሉ ቃላት ብቻቸውን አይበቁም። አንዱ «አልፎ አልፎ» ሲል በዓመት አንዴ ማለቱ ነው፣ ሌላው በሳምንት አንዴ። «ከ10 ጉድጓድ ስንቱ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን ሰው ወደ ትዝታው ይመለሳል፣ መቁጠር ይጀምራል። ለፍሎራይዱ ምሳሌ፦ በአካባቢው ካሉ 10 ጉድጓዶች የላቦራቶሪ ውጤት ተሰብስቦ በአራቱ ላይ ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ከሆነ፣ ዕድሉ 40 በመቶ ነው፤ ነጥቡ 3። ክርክር አያስፈልገውም።

ሌላው የሚረሳው ጊዜው ነው። «እስከ መቼ ድረስ የመሆን ዕድሉ?» የሚለው አብሮ ይጻፍ። ቁፋሮው በጥር ከሆነ ሪጉን (የጉድጓድ መቆፈሪያ ማሽኑን) መንገድ ላይ ጭቃ የመያዙ ዕድል 1 ነው። ያው ሥራ ተንከባሎ ሐምሌ ከገባ 5 ይሆናል። ስጋቱ አልተለወጠም፣ ወሩ ተለወጠ።

ደረጃ 3፦ የጉዳት መለኪያውን ከራሳችሁ በጀትና ሰሌዳ አውጡ

ከኢንተርኔት የተቀዳ የጉዳት ሠንጠረዥ አትጠቀሙ። 500 ሺህ ብር ለአንድ ፕሮጀክት የሻይ ወጪ፣ ለሌላው ግማሽ በጀት ነው። ለ12 ሚሊዮኑ ፕሮጀክታችን እንዲህ ይሆናል፦

1፦ ከ120 ሺህ ብር በታች (ከበጀቱ 1 በመቶ)፣ ወይም ከ1 ሳምንት ያነሰ መዘግየት።
2፦ እስከ 360 ሺህ ብር (3 በመቶ)፣ ወይም እስከ 2 ሳምንት።
3፦ እስከ 840 ሺህ ብር (7 በመቶ)፣ ወይም እስከ 1 ወር።
4፦ እስከ 1.8 ሚሊዮን ብር (15 በመቶ)፣ ወይም እስከ 2 ወር።
5፦ ከዚያ በላይ፤ ወይም ውሃው ለመጠጥ የማይሆን ከሆነ፤ ወይም በሰው ሕይወት ላይ አደጋ የሚያደርስ ከሆነ።

ገንዘቡ 2፣ ጊዜው 4 ቢያወጣ ነጥቡ 4 ነው። አማካይ አትውሰዱ፤ ሁለት ወር የዘገየ ሥራ ርካሽ ስለሆነ አይፈጥንም።

ጉዳት ስትለኩ ነገሩ ሆኗል ብላችሁ ተነሱ። «ከባድ ነው፣ ግን አይመጣም፣ ስለዚህ 3 ይበቃዋል» የሚል አስተሳሰብ ዕድሉን ሁለት ጊዜ ይቀንሳል፦ አንዴ በዕድል ሳጥኑ፣ አንዴ ደግሞ በስርቆሽ በጉዳት ሳጥኑ። በተቃራኒው ደግሞ ሊታሰብ የሚችለውን የመጨረሻ ክፉ ነገር አትያዙ። ነገሩ ቢሆን በአብዛኛው ምን ይከተላል የሚለው ነው መልሱ።

ሊሰላ የሚችል ጉዳት አይገመትም፣ ይሰላል። የውጭ ምንዛሪን ተመልከቱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ20 ሺህ ዶላር ፓምፕና ፓነል ያዘዘ ፕሮጀክት ላይ ይህን አስሉት፦ በ57 ብር 1 ሚሊዮን 140 ሺህ ብር፣ በ100 ብር 2 ሚሊዮን ብር። ልዩነቱ 860 ሺህ ብር ነው። ሠንጠረዡ ላይ ስታዩት 840 ሺህን አልፏል፣ ስለዚህ 4። «3 ልበለው 4?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ በካልኩሌተር ተመለሰ።

ደረጃ 4፦ ሶፍትዌሩን አዘጋጁ

በኤክሴል ወይም በጉግል ሺትስ ከሆነ፦ መለያ ቁጥር፣ የስጋቱ ዓረፍተ ነገር፣ ዕድል፣ ጉዳት፣ ነጥብ፣ ለነጥቡ የተሰጠ ምክንያት፣ ባለቤት፣ እርምጃ፣ ምልክት፣ ቀጣይ የግምገማ ቀን የሚሉ ዓምዶች ይኑሩ። በዕድልና በጉዳት ዓምዶች ላይ በዳታ ቫሊዴሽን (Data Validation) ከ1 እስከ 5 ብቻ የሚያስመርጥ ዝርዝር አድርጉ። የነጥብ ዓምዱ ሁለቱን የሚያባዛ ፎርሙላ ይሁንና ማንም በእጁ እንዳይጽፍበት ተቆልፎ ይቀመጥ። ቀለሙን በቁጥሩ መጠን በሚቀባው በኮንዲሽናል ፎርማቲንግ (Conditional Formatting) ስጡት። የዕድልና የጉዳት መለኪያዎቹ ሙሉ ጽሑፍ እዚያው ፋይል ውስጥ በሁለተኛው ሺት ላይ ይኑር፤ ሌላ ፋይል ውስጥ ያለ መለኪያ አይከፈትም።

ጥንቃቄ፦ በምርጫው ዝርዝር ውስጥ «4 - ከፍተኛ» ብላችሁ አትጻፉ። ኤክሴል እሱን እንደ ጽሑፍ ያነበዋል፣ ማባዛቱ ስህተት ያወጣል። ቁጥሩ ብቻውን ይሁን፣ ትርጉሙ ሁለተኛው ሺት ላይ አለ።

በጂራ ከሆነ «ስጋት» የሚባል የሥራ ዓይነት ፍጠሩና ዕድልና ጉዳትን የቁጥር ፊልድ (መሙያ ሳጥን) አድርጓቸው። የቁጥር ፊልዶቹ በራሳቸው አይባዙም፤ አንዱ ፊልድ ሲቀየር ውጤቱን በሦስተኛው ፊልድ ላይ የሚጽፍ የአውቶሜሽን ሕግ ማዘጋጀት አለባችሁ። የቁጥር ፊልድ 7ም 50ም ይቀበላልና ከ5 በላይ የገባውን የሚያሳይ ፊልተር ይኑራችሁ። በሬድማይን የዝርዝር ከስተም ፊልድ ይበቃል፤ ያለ ፕለጊን (ተጨማሪ ቅጥያ) ስለማያባዛ ነጥቡን በእጅ አስገቡ ወይም ወደ ሲኤስቪ (CSV፣ ሠንጠረዥን በተራ ጽሑፍ የሚይዝ ፋይል) አውጥታችሁ ኤክሴል ላይ አባዙት። እዚህ ጋ አንድ የሚያናድድ ነገር አለ፦ የሲኤስቪ ፋይሉን ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ስትከፍቱት አማርኛው ወደማይነበብ ምልክት ሊለወጥ ይችላል። ፋይሉ አልተበላሸም። ባዶ ኤክሴል ክፈቱ፣ ከዳታ ሜኑ ፋይሉን አስገቡ፣ ኢንኮዲንጉን (የፊደል አነባበቡን) ዩቲኤፍ-8 (UTF-8) አድርጉት፤ ፊደሉ ይመለሳል።

በዌብ የሚሠራው የማይክሮሶፍት ፕሮጀክት (Project Web App) የስጋት ቅጽ ደግሞ ዕድልን በመቶኛ፣ ጉዳትን ከ1 እስከ 10 ይጠይቃል፣ ሁለቱን ራሱ ያባዛል። መለኪያችሁን መጣል የለባችሁም። ለዕድል ከ1 እስከ 5 ላሉት በቅደም ተከተል 5፣ 20፣ 40፣ 60፣ 85 በመቶ፤ ለጉዳት 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 10 አስገቡ። ከነዚህ ውጭ ቁጥር አይግባ። «37 በመቶ» ብሎ የጻፈ ሰው የሌለውን እርግጠኝነት እያሳየ ነው።

ደረጃ 5፦ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ነጥብ ይስጥ

ወረቀቶቹ እዚህ ያስፈልጋሉ። የስጋቱን ዓረፍተ ነገር ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ፣ መለኪያው ለሁሉም በሚታይበት ቦታ ይሁን፣ ሁሉም ዕድልና ጉዳት ብሎ ሁለት ቁጥር ጽፎ ወረቀቱን ይድፋው። ከዚያ በአንድ ጊዜ ይገለጥ። በርቀት ከሆናችሁ ሁሉም ቁጥሩን በቴሌግራም ለአወያዩ ብቻ በግል ይላክ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። እኛ ዘንድ ታላቅ ወይም አለቃ ከተናገረ በኋላ የተለየ ቁጥር መጥራት እንደ ድፍረት ይታያል። ሥራ አስኪያጁ «እኔ እንኳ 2 ይመስለኛል» ካሉ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ 2 ይሆናል፣ ሳይቱን የሚያውቀው ልጅ ጭምር። ወረቀቱ ከተጻፈ በኋላ ግን ቁጥሩ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ሊካድ አይችልም። ሲገለጥም ማብራሪያው ከታናሹ ይጀምር፣ ኃላፊው በመጨረሻ ይናገሩ።

ለአንድ ስጋት ከ5 ደቂቃ በላይ አትውሰዱ። ከዚያ ካለፈ መረጃ ጎድሏል ማለት ነው፤ ክርክሩ መረጃውን አያመጣውም።

ደረጃ 6፦ ልዩነቱን በአማካይ አትሸፍኑት፣ ጠይቁት

የሁሉም ቁጥር በአንድ ነጥብ ብቻ ከተለያየ ከፍተኛውን ይዛችሁ እለፉ። ልዩነቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ቁሙ። የመመሪያው ዋና ቦታ ይህ ነው።

አንድ የጉድጓድ ሥራ ላይ «ሪጉ በመንገድ ምክንያት በቀኑ ሳይት ላይደርስ ይችላል» ለሚለው ስጋት ወረቀቶቹ ሲገለጡ መሐንዲሱ ለዕድሉ 2፣ የቁፋሮው ፎርማን 5 ጽፈው ነበር። መሐንዲሱ መንገዱን በካርታ አይቶታል፦ አስፋልት፣ ከዚያ ደህና ጠጠር መንገድ። ፎርማኑ ምንም ሳይናገር ወረቀቱን ገለበጠና ጀርባው ላይ በእርሳስ መንገዱን ሣለ። ጠጠሩ ያለቀበት ቦታ ላይ አንድ ጭረት አደረገና ከዚያ ወዲያ ያለውን ስድስት ኪሎ ሜትር ደጋግሞ አጠቆረው። «ይሄ መረሬ ነው» አለ። «ግንቦት መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ከዘነበበት ባዶ አይሱዙ አይወጣውም፣ እንኳን ሪግ።» ሪጉ በሰሌዳው ላይ የሚገባው ግንቦት 25 ነበር። መሐንዲሱ ወዲያው ወረቀቱን ወደ 4 ቀየረ፣ ፎርማኑም 4ን ተቀበለ፤ ዝናቡ ሊዘገይም ይችላልና። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሪጉ መግቢያ ከታሰበው በሦስት ሳምንት መቅደሙ ነው።

አማካዩን ወስደን 3.5 ብንጽፍ ኖሮ ይህ ሁሉ አይወራም ነበር። 3.5 ደግሞ ከሁለቱ አንዱም የማያምንበት ቁጥር ነው። ሰፊ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የሚነግራችሁ አንዱ ሌላው የማያውቀውን እንደሚያውቅ ወይም ሁለቱ የተለያየ ነገር በአእምሯቸው እንደያዙ ነው።

መስማማት ካልተቻለ ከፍተኛውን ቁጥር መዝግቡ፣ በምክንያት ዓምዱ ላይ ማን ምን አጣርቶ መቼ እንደሚመለስ ጻፉ።

የምክንያት ዓምዱን ባዶ አትተዉት። አንድ መስመር ይበቃል፦ «ከ10 ጎረቤት ጉድጓዶች 4ቱ ከ1.5 በላይ።» ከሦስት ወር በኋላ ቁጥሩን ለመቀየር ስትመጡ ያለዚህ መስመር ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

ደረጃ 7፦ አባዙ፣ ደርድሩ፣ ግን ቁጥሩን አታምልኩት

የእኛ ፕሮጀክት እንዲህ ወጣ እንበል፦

- ፍሎራይድ፦ 3 በ5፣ ነጥብ 15
- የምንዛሪ ለውጥ፦ 3 በ4፣ ነጥብ 12
- ሪጉ በመንገድ መዘግየቱ፦ 4 በ3፣ ነጥብ 12
- ጉድጓዱ ደረቅ መሆኑ፦ 2 በ5፣ ነጥብ 10
- የሥልጠና ቀን መገፋቱ፦ 4 በ1፣ ነጥብ 4

የምጠቀምበት ክፍፍል፦ ከ1 እስከ 4 አረንጓዴ፣ ከ5 እስከ 9 ቢጫ፣ ከ10 እስከ 16 ብርቱካናማ፣ 20 እና 25 ቀይ። መሃል ያሉ ቁጥሮች የጎደሉ አይምሰላችሁ። ከ1 እስከ 5 ያሉ ሁለት ቁጥሮች ሲባዙ የሚወጡት 14 ውጤቶች ብቻ ናቸው፤ 7፣ 11 ወይም 18 በጭራሽ አይመጣም። መዝገባችሁ ውስጥ 18 ካያችሁ አንድ ሰው ፎርሙላውን ሰርዞ በእጁ ጽፏል።

እዚህ ላይ ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። የመጀመሪያው፦ 1 በ5ም 5 ነው፣ 5 በ1ም 5 ነው። አንዱ «እምብዛም የማይሆን፣ ከሆነ ግን ሰው የሚሞትበት»፣ ሌላው «ሁልጊዜ የሚያጋጥም ትንሽ ጣጣ» ነው። ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ቢጫ ይቀባቸዋል። ስለዚህ ጉዳቱ 5 የሆነ ማንኛውም ስጋት፣ ነጥቡ ምንም ይሁን፣ ለኃላፊው በሚቀርበው ዝርዝር ላይ ይገባል የሚል ሕግ አውጡና በፊልተር አስሩት። ሁለተኛው፦ 20 ከ10 በእጥፍ አይብስም። ነጥቡ የሚጠቅመው ለመደርደር ነው፣ ስለዚህ የሁሉንም ስጋት ነጥብ ደምራችሁ «የፕሮጀክቱ ስጋት 53 ነው» አትበሉ። ሦስተኛው፦ ነጥባቸው እኩል ከሆነ ጊዜው የቀረበው ይቅደም።

የመጠባበቂያ ገንዘብ ለማስላት ከፈለጋችሁ ነጥቡን ሳይሆን ብሩን ያዙ። የምንዛሪው ዕድል 40 በመቶ፣ ጉዳቱ 860 ሺህ ብር ከሆነ 344 ሺህ ብር ነው። ይህን ለእያንዳንዱ ስጋት ሠርታችሁ መደመር ይቻላል፤ ብር ከብር ጋር ይደመራል።

ደረጃ 8፦ ለእያንዳንዱ ብርቱካናማና ቀይ ስጋት ባለቤት፣ እርምጃና ምልክት ስጡ

ባለቤት የሰው ስም ነው። «ፕሮጀክቱ»፣ «የሚመለከተው ክፍል»፣ «ሁላችንም» ባለቤት አይሆኑም፤ ሶፍትዌሩም ማስታወሻ የሚልከው ለአንድ ሰው ነው።

እርምጃ ስትጽፉ ዕድሉን ነው የሚቀንሰው ወይስ ጉዳቱን ብላችሁ ለዩ። ፍሎራይድን እንውሰድ። ቦታው ከመመረጡ በፊት የጎረቤት ጉድጓዶችን ውሃ ማስመርመርና ቦታውን መቀየር ዕድሉን ይቀንሳል፣ ከ3 ወደ 1 ወይም 2። ጉዳቱ ግን 5 እንደሆነ ይቀራል፤ ቦታ መርጣችሁም ፍሎራይዱ ከፍ ቢል ውሃው ያው አይጠጣም። ፓምፑን ከፓምፒንግ ቴስት (የጉድጓዱን ውሃ እየመጠጡ መጠኑን ከመለካት) እና ከላቦራቶሪ ውጤት በኋላ ብቻ ማዘዝ ደግሞ ዕድሉን አይነካም፤ ጉድጓዱ ደረቅ ወይም የማይጠጣ ውሃ ያለው ቢሆን እንኳ የማይሆን ፓምፕ ገዝታችሁ እንዳትቀመጡ ያደርጋል። ነገር ግን ይህ ግዢውን ያዘገየዋል፣ የምንዛሪውን ስጋት ደግሞ ከፍ ያደርገዋል። እንዲህ ዓይነት መጋጨት ሲኖር ሁለቱን ስጋቶች አያይዛችሁ ገምግሙ፤ የመዝገቡ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ምልክት ማለት ስጋቱ እየመጣ መሆኑን የሚያሳይ፣ ሊቆጠር የሚችል ነገር ነው። «ሁኔታው ሲባባስ» ምልክት አይደለም። «ባንኩ የኤልሲ (ለውጭ ግዢ የሚሰጥ የባንክ የክፍያ ዋስትና) ጥያቄያችንን ከገባ በ30 ቀን ውስጥ ካልመለሰ» ምልክት ነው።

ደረጃ 9፦ በየወሩና ነገር በተለወጠ ቁጥር እንደገና ስጡ

ወር እስኪሞላ የማይጠበቅበት ጊዜ አለ፦ ተመን ሲለወጥ፣ ሥራው ወደ ክረምት ሲገፋ፣ ተቋራጩ ሲቀየር፣ የላቦራቶሪ ውጤት ሲመጣ። አዲሱን ነጥብ በአሮጌው ላይ አትደርቡ። ጂራና ሬድማይን የለውጡን ታሪክ ራሳቸው ይይዛሉ፤ ኤክሴል ላይ «ያለፈው ነጥብ» የሚል ዓምድ ጨምሩ። ከ6 ወደ 12 የወጣና ከ20 ወደ 12 የወረደ ስጋት ዛሬ እኩል ቢሆኑም የሚያስፈልጋቸው ትኩረት አንድ አይደለም።

ጊዜው ያለፈ ስጋት ይዘጋ። የውሃው ውጤት መጥቶ ፍሎራይዱ 0.8 ከሆነ ያ ስጋት አልቋል። ግን አትሰርዙት፤ ለሚቀጥለው ፕሮጀክት «ከ10 ስንቱ?» ስትሉ የምትቆጥሩት እሱን ነው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ሁሉም 3። መዝገቡ በሙሉ 9 ከሆነ ማንም አልገመገመም። መድኃኒቱ በመጀመሪያ ሁሉም የሚያውቁትን አንድ በጣም ትንሽና አንድ በጣም ትልቅ ስጋት ነጥብ መስጠት ነው፤ ሌሎቹ በመካከላቸው ቦታቸውን ይይዛሉ።

እርምጃው ሲጻፍ ነጥቡን መቀነስ። «ውሃው ይመረመራል» ብሎ መጻፍ ውሃውን አይመረምረውም። ነጥቡ የሚወርደው ሥራው ተሠርቶ ማስረጃው ከስጋቱ ጋር ሲያያዝ ነው። በጣም የማዝንበት ስህተት ይህ ነው፤ መዝገቡ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ሥራው ቆሞ ይገኛል።

ከቀለሙ ወደ ቁጥሩ መሄድ። «ቀይ ከሆነ ሪፖርት ይበዛል፣ ብርቱካናማ እናድርገው» ተብሎ 4 ወደ 3 ይወርዳል። አወያዩ በነጥብ አሰጣጡ ሰዓት የቀለም ዓምዱን ደብቆ ቢያቆየው ይህ በብዛት ይቀራል።

ሁለት ስጋት በአንድ መስመር። «የምንዛሪ እጥረትና የሲሚንቶ መጥፋት» ሁለት ዕድል፣ ሁለት ጉዳት፣ ሁለት ባለቤት አለው። ለዩት።

ከሰማንያ በላይ ስጋት መዘርዘር። ለእንደዚህ ዓይነት ፕሮጀክት ከ15 እስከ 25 ይበቃል። የቀረው ተመሳሳዩ በሌላ ቃል ነው።

የቀን አቆጣጠር። አብዛኛው ሶፍትዌር የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። አንድ ሰው ሰኔ 30 ቀን 2017 ለማለት 30/10/2017 ብሎ ቢያስገባ፣ ቀን ከወር በፊት እንዲጻፍ የተስተካከለ ሶፍትዌር ሳያቅማማ ይቀበለዋል፤ ኦክቶበር 30 ቀን 2017 አድርጎ ያነበዋል፣ ሥራው የብዙ ዓመት ውዝፍ ሆኖ በቀይ ይወጣል። ትክክለኛው ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው። የቀን ፊልዱ በፈረንጆቹ ይሞላ፣ ከጎኑ የጽሑፍ ፊልድ ጨምራችሁ የኛን ቀን በቃል ጻፉ። በተለይ የበጀት ዓመት መዝጊያና የክረምት መግቢያ ላይ የሚወድቁ ቀኖችን ሁለት ሰው ይያቸው።

መለኪያችሁ ይሠራ እንደሆነ መፈተሻ

ሁሉንም ከጨረሳችሁ በኋላ በስብሰባው ላይ ላልነበሩ ሁለት የሥራ ባልደረቦች መለኪያውንና ሦስት ስጋቶችን ብቻ ስጧቸው። አታብራሩላቸው። ለየብቻ ነጥብ ሰጥተው ይመልሱላችሁ። የሁለቱ ቁጥር እኩል ከሆነ ወይም በአንድ ብቻ ከተለያየ መለኪያው ተነብቧል። በሁለትና ከዚያ በላይ ከተለያዩ የትኛው ቃል እንዳሳሳታቸው ጠይቋቸው፣ ቃሉን ቀይሩ፣ በዚያ መስመር የተሰጡትን ነጥቦች ብቻ እንደገና እዩ።